ጎጆ የወጡ ልጆችና የቀረው ቤት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ከጡረተኞቹ አዋላጅ ነርሶች ወገን አንድ ሰው እንዲናገር በወሰኑ ጊዜ፣ ስለ ሙያችን ታሪክ እንድናገር አስበው እንደ ነበር ነግረውኛል። የሙያችንን ታሪክ ከእኔ ይልቅ መርምረው የሚጽፉ ስላሉ ለእነርሱ ትቼዋለሁ። የመረጥሁት ርእስ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ የማይነሣ ነው፤ ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠጕራችን የሸበተው ሁሉ ማታ ማታ እናውቀዋለን። ይኸውም ልጆች አድገው ከወጡ በኋላ ስለሚቀረው ቤት ነው።

በዕድሜ ልጆቼ የሆናችሁ አባላት ታገሡኝ። ዛሬ ቤታችሁ በሕፃን ልቅሶ የተሞላ ይሆናል፤ የሌሊት ተረኛ ሆናችሁ አድራችሁ ጧት ስትመለሱ ዓይናችሁን የምትከድኑበት ጸጥታ አጥታችሁ ይሆናል። እኔም ያን ጸጥታ ለ20 ዓመት ያህል ስመኘው ኖሬአለሁ። ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ፈረንጆች ልጆቹ የወጡለትን ቤት በወፍ ጎጆ ይመስሉታል። ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ከበረሩ በኋላ የሚቀረው ባዶ ጎጆ ማለታቸው ነው። በእኛም ቋንቋ በዚሁ ጉዳይ ውስጥ ጎጆ የሚል ቃል አለ፤ አመለካከቱ ግን ሌላ ነው። እኛ «ልጁ ጎጆ ወጣ» ስንል ዓይናችን የሚያርፈው ልጁ በሚመሠርተው አዲስ ቤት ላይ ነው። በገጠሩ ጎጆ መውጫ ተብሎ በሬ ወይም ላም ይሰጠዋል፤ በከተማው ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ጀበናውና ሲኒው ይሟላለታል፤ ሽማግሎች ይመርቁታል። ስለ ተተወው ቤት ግን ቋንቋችን አንድ ቃል እንኳ አላበጀም። ይህ የቃላት ድኽነት አይመስለኝም። ቤቱ ባዶ ስለማይሆን ቃል አላስፈለገውም ነበር።

እንዴት ባዶ ይሆናል? የመጨረሻው ልጅ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ይቀር ነበር። እርሱ ባይቀር ትልቂቱ ልጅ ከልጆቿ አንዱን ለእናቷ ትልክ ነበር፤ «አያት ያሳደገው» እየተባለ የሚቀለድበት ሞልቃቃ ልጅ የተገኘው ከዚህ ልማድ ነው። ከገጠር ለትምህርት የመጣ የእኅት ልጅ፣ ችግር ያወጣው የሩቅ ዘመድ፣ የክርስትና ልጅ፣ ሳይጠራ የሚገባ ቤተኛ ጎረቤት ነበር። እኔ ራሴ ባደግሁበት ቤት በማታ ራት ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ እናቴ አስቀድማ አታውቅም ነበር። እንጀራው ይጋገራል፤ የመጣው ይበላዋል።

ይህ የተለወጠው በአንድ ምክንያት አይደለም። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው ዲቪ የሚሉት ዕጣ፣ የውጭ ትምህርት፣ የዐረብ አገር ሥራ ከየቤቱ ልጆችን ወሰደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ መታነጽ የጀመሩት የኮንዶሚኒየም ቤቶችም የድሮውን ሠፈር ሰው ወደ ከተማው ዳር ዳር በተኑት፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የእኅት ልጅ የሚያድርበት ጥግ የለም። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከት አንድ ምክንያት አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች 4.6 ሲሆኑ በአዲስ አበባ 1.8 ብቻ ነበሩ። ሁለት ልጆች ያሉት ቤት ባዶ ለመሆን ሁለት ሠርግ ወይም ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ይበቃዋል።

ይህን ትምህርት ለእናቶች ያስተማርነው እኛ ነን። አራርቃችሁ ውለዱ፣ የምታሳድጉትን ያህል ውለዱ እያልን በየጤና ጣቢያው የተናገርነው እኛ ነን። ይህን የማነሣው በጸጸት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር ወደ 412 ወርዶ ታየ። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያሉትን ፊቶች እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። እንግዲህ በ60 ዓመቷ ቤቱ ጭር ብሎባት ማታ ብቻዋን የምትቀመጥ ሴት ማለት፣ በ25 ዓመቷ ደም ፈስሷት ያልሞተች ሴት ማለት ናት። ለዚህች ሴት እኛ እስከ አራስ ቤት ድረስ ተዘጋጅተንላት ነበር። ከዚያ በኋላ ላሉት 40 ዓመታት ግን የተዘጋጀላት አልነበረም። እኔም አንዷ ስለሆንሁ በድፍረት እናገራለሁ።

ነገሩ መጀመሪያ የሚታወቀው በወጥ ቤት ነው። ሦስት ልጆች በነበሩበት ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጋግር ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ጋግሬ በሳምንቱ መጨረሻ የተረፈውን አድርቄ ድርቆሽ አደርገዋለሁ። እጅ የለመደውን መስፈሪያ በቀላሉ አይረሳም፤ ሽሮውን ለአምስት ሰው ነስንሼ ለሁለት ሰው የማቀርብበት ቀን ገና አላበቃም። የበዓል ዶሮማ ፈተና ነው። እንደምታውቁት ዶሮ 12 ብልት ሆና ትወጣለች፤ በቤታችን ደግሞ ለእያንዳንዱ ብልት ባለቤት ነበረው። ፈረሰኛው ለአባት ነው፤ ስለ ክንፉ ሁለቱ ትልልቆች ይከራከራሉ፤ ትንሹ እግር ካልተሰጠው አይበላም። አሁን ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን 12ቱን ብልት እናያቸዋለን። ባለቤቴ ዝም ብሎ ክንፉን ያነሣል። ክንፍ ወድዶ አያውቅም።

ቡናውም እንዲሁ ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው የተሠራው ለሰው ስብስብ ነው። ለሁለት ሰው ሦስት ጊዜ ማፍላት ለጀበናውም ለእሳቱም ትርፉ ድካም ይመስላል። በመጀመሪያው ዓመት እኛም ወደ ስኒ ሻይ ዞረን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ራሱ ረከቦቱን አውጥቶ፣ ጎረቤታችንን በአጥር ላይ ተጣርቶ ጋበዛቸው። ያ ቅዳሜ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ጎረቤታችን ባል የሞተባቸው እናት ናቸው፤ ልጆቻቸው በሦስት አገር ናቸው፤ በእነርሱ ጓዳም ያው ድርቆሽ አለ።

በመካከላችን ሙስሊሞችም አላችሁ፤ አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እንደ ነገረችኝ ለእርስዋ ጸጥታው የሚሰማት በረመዳን፣ በአፍጥር ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ጭር ማለቱ አይታወቃትም፤ አዛኑ ሲሰማና ቴምሩን ወደ አፏ ስታደርስ ግን ሳምቡሳውን ከምጣዱ ላይ የሚሰርቅ እጅ እንደሌለ ያን ጊዜ ታያለች። የጾምና የበዓል ሥርዓታችን ሁሉ ብዙ ሰው እንዳለ አድርጎ የተሠራ ነውና፣ በየትኛውም እምነት ያለን ሰዎች ጉድለቱን የምናየው በዚያው ሰዓት ነው።

ስለ ስልክ ሳልናገር አላልፍም። ትልቂቱ ልጄ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ትኖራለች። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ ለእርስዋ ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ ለምሳ በወጣችበት ጥቂት ደቂቃ ትደውላለች፤ እኔ የቤቱን ቄጤማ አሳያታለሁ፤ እርስዋ የመሥሪያ ቤቷን መኪና ማቆሚያ ታሳየኛለች። ሁለተኛዋ በሐዋሳ ባል አግብታ ትኖራለች። ትንሹ በዚሁ በአዲስ አበባ ነው፤ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የሚደረስበት ኮንዶሚኒየም ተከራይቷል። ማንን ይበልጥ ታገኛላችሁ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የአሜሪካይቱን ነው። ሩቅ ያለው ልጅ ቀጠሮ ይይዛል፤ ቅርብ ያለው ግን «እሑድ እመጣለሁ» ይላል። ይህን የምለው ልጄን ልከስስ አይደለም፤ በእሑድ የሚያርፈው እርሱም ሰው ነው። የርቀት መለኪያው ኪሎ ሜትር ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ያህል ነው።

ስልኩ ግን አንድ አደጋ አለው። ሰውን ጠባቂ ያደርገዋል። ሠፈራችን ውስጥ የልጆቻቸውን ክፍል አልጋውን እንዳነጠፉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ እንዳልነኩ፣ በሩን ዘግተው የሚኖሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ከቤታቸው የሚወጡት ስልኩ እስኪጮኽ ነው፤ ከጮኸ በኋላ ደግሞ የተባለውን ለሠፈሩ ለመንገር ነው። ባለፈው ዓመት ባልየው ዐረፉ። ድንኳኑን የተከለው፣ ቀብሩን ያስፈጸመው እድራችን ነበር። ልጆቹ የአባታቸውን ቀብር ያዩት አንድ የጎረቤት ልጅ ከፍ አድርጎ በያዘው ስልክ ነው። «ጧሪ ቀባሪ» የምንለው ቃል በዚያ ሰዓት ትዝ አለኝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን እንዲጦሩ ግዴታ ጥሏል፤ እነዚያ ልጆችም በየወሩ ገንዘብ ሳያቋርጡ ይልኩ ነበርና ሕጉን ፈጽመዋል። መጦሩ በባንክ ይደርሳል፤ መቅበሩ ግን አልደረሰም። ለመቅበሩ ሕግ የለም። ያለው እድር ነው።

አሁን ስለ እምነት ጥቂት ልናገር። እኔ የምናገረው ባደግሁበት በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ነው። ልጆች በቤት ሳሉ ጸሎቴ አጭር ነበር። የምለምንላቸው በሚቀጥለው ክፍል ተኝተው ነበርና ተነሥቼ ብርድ ልብሱን ማልበስ እችል ነበር። ፍልሰታ በገባ ጊዜ ሦስቱንም ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ የእኔ ሥራ እንዳይሮጡ መጠበቅ ስለ ነበር ቅዳሴውን በሙሉ ልብ የሰማሁበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ጸሎቴም ረዝሟል፤ የልጅ ስም ከተጠራ በኋላ የአማች ስም፣ የልጅ ልጅ ስም፣ የማላውቀው የአሠሪ ስም ሳይቀር ይጨመራል። ይህ በረከት ነው ወይስ ጭንቀት? አንዳንድ ቀን ሁለቱን ለመለየት ይቸግረኛል። አንድ ቀን የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው «ጭንቀቱን ከነስሙ አስረክቢ እንጂ ይዘሽው አትመለሺ» አሉኝ። እየሞከርሁ ነው።

በዚህ ዘመኔ ከበዓላት ሁሉ ይበልጥ የምቀርባት ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በአታ ለማርያም ናት። ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን አዝነው፣ ተስለው፣ በመጨረሻ ያገኟትን አንዲት ልጅ በሦስት ዓመቷ ወስደው ለቤተ መቅደስ ሰጧት። ካህኑ ዘካርያስ ተቀበላት፤ መልአኩ ፋኑኤል መናውን አወረደላት። በዓሉ የሚያከብረው የልጅቱን መግባት ነው፤ ሥዕሉም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር የማስበው እነዚያ ሁለት ሽማግሎች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው የተመለሱበትን መንገድ ነው። በዚያች ማታ ሐና ለስንት ሰው እንዳቦካች የጻፈ የለም።

ሌላይቱ ሐና፣ የሳሙኤል እናት፣ ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ለእግዚአብሔር ቤት ሰጥታዋለች። መጽሐፉ ስለ እርስዋ አንዲት ትንሽ ነገር ይነግረናል፤ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ለልጁ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ሰባኪዎች ስለ ስእለቷ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ መደረቢያው ሲናገሩ ብዙም አልሰማሁም። ዓመቱን በሙሉ ያላየችው ልጅ ምን ያህል እንዳደገ በልብ ግምት ብቻ ለክታ መስፋት ነበረባት። እኔም ለልጅ ልጄ የሐበሻ ቀሚስ ሳሰፋ ልኳን በስልክ እጠይቃለሁ። እስኪደርስ ድረስ ያጥራታል።

ይህች የልጅ ልጅ በተወለደች ጊዜ ልጄን ላርሳት ወደ አሜሪካ ሄጄ ነበር። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የገንፎው ዱቄት፣ ለአጥሚት የሚሆነው አጃ ሁሉ በሻንጣዬ ነበር። በማዋለጃው ክፍል ውስጥ የተሰጠኝ ቦታ በራስጌ በኩል ያለች አንዲት ወንበር ናት። ከ35 ዓመት በላይ ሕፃናትን ተቀብዬ፣ ምጥን ከራስጌ በኩል ያየሁት ያን ቀን ነው። ከእግርጌ ቆማ የምታዋልድ ሴት በእጇ ማወቅን ትይዛለች፤ በራስጌ የተቀመጠች እናት ግን የምትይዘው የልጇን እጅ ብቻ ነው። ልጄ ምጡ ሲበረታባት በእንግሊዝኛ ስትናገር ቆይታ በመጨረሻ «ማርያም፣ ማርያም» አለች። አዋላጇ ምን እንደምትል ጠየቀችኝ፤ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ሕፃኗ ከወጣች በኋላ ለሺህ እናቶች የተናገርሁትን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለልጄ ተናገርሁ። ክፍሉ ውስጥ የሚቀበለኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ልጄ እያለቀሰች ራሷ «አሜን» አለች።

የተፈቀደልኝ ስድስት ወር ነበር። በአራተኛው ወር ተመለስሁ። ብዙ ጓደኞቼ ለምን አልቀረሽም አሉኝ። ልጄም ለምናኝ ነበር። የቀሩትን አልነቅፍም፤ የሚረዳቸው ያጡ ልጆች አሉና። ነገር ግን ያየሁትን ልንገራችሁ፦ መኪና መንዳት የማትችል፣ ቋንቋውን የማትሰማ አንዲት አያት ከጧት እስከ ማታ በተቆለፈ ቤት ከሕፃን ጋር ስትውል፣ ያም ባዶ ቤት ነው። ልዩነቱ ባዶው ቤት የሌላ ሰው መሆኑ ነው። ልጄ ጎጆ ወጥታለች፤ የምድጃው ባለቤት እርስዋ ናት። ስትጠራኝ እሄዳለሁ፤ አራስነቱ ሲያልቅ እመለሳለሁ። የእኔም ምድጃ እዚህ ነው፤ ቅዳሜ የሚጠብቁ ሰዎች አሉበት።

ከተመለስሁ በኋላ ነው ለዚህ ጉባኤ ያመጣሁት ሐሳብ የመጣልኝ። በሠፈራችን የቤት ኪራይ ተካፍለው ከሚኖሩት ወጣቶች አንዲቱ ወለደች። ከሩቅ ገጠር ለሥራ የመጣች ናት፤ እናቷ ሞተዋል። በወለደች ማግስት ሕፃኗን ታቅፋ በታክሲ ብቻዋን ተመለሰች። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ደሟን የሚጠይቃት፣ ጡቷን የሚያይላት ሰው አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ናቸው ሕፃን ሲያለቅስ ሰምተው የጠሩኝ። ሙቀቷን ለካሁ፤ ወተቷ ያጋታት ነበር። ገንፎውን ጎረቤታችን አገነፉ። የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ ሊኖር ግን ይችል ነበር። እናንተም እንደምታውቁት የዓለም የጤና ድርጅት እናቲቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ከዚያም በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። የአገራችን የቆየ ልማድም አራስን መጠየቅን ያዝዛል። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚሄደው ሰው ነው።

ልጅ የሌለበት ቤት በየሠፈሩ አለ፤ እናት የሌላት አራስም በየሠፈሩ አለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ አጥር ነው። ይህ ስለ ልጆቻችን ያለንን ናፍቆት ይተካዋል አልልም። የሚተካው የለም፤ እኔም አራስ ጠይቄ ስመለስ ስልኬን ማየቴን አልተውሁም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ማኅበራችን ጡረታ የወጡትን አባላት በየክፍለ ከተማው መዝግቦ፣ ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ጠያቂ የሌላት አራስ ስትኖር እንዲያስታውቀን ነው። መድኃኒት አንሰጥም፤ የተረኞቹን ሥራም አንነካም። የአደጋ ምልክት ስናይ ወደ ጤና ጣቢያው እናደርሳለን፤ ምልክት ከሌለ ገንፎ እናገነፋለን። ወንዶቹ አባላት በዚህ እንዳይስቁ እለምናለሁ፤ ባለቤቴ እንኳ በ63 ዓመቱ ገንፎ ማገንፋት ተምሯል፤ ጓጉሉ ገና አልለቀቀውም እንጂ።

ሐሳቡ በሥራ አመራር ኮሚቴው እስኪመከርበት ድረስ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ሠፈር የምትጽፉበትን ደብተር በመውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የምትችሉበትንም ቀን ጻፉ። እኔ ማክሰኞና ዓርብ ብዬ ጽፌአለሁ። ረቡዕ እንጀራ እጋግራለሁ፤ ቅዳሜም በቤታችን ቡና አለ።